ትዳሬን ሊቆረቁር የመጣው ወፍ

ባልና ሚስት በምን ይጣላሉ ቢባል መልሱ ብዙ ነው። በገንዘብ፣ በቅናት፣ በአማት፣ በመጠጥ፣ አምሽቶ በመግባት… የኛ ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። እኔና ባለቤቴ ለአራት ወር ያህል የተኳረፍነው በወፍ ነው። አዎ፣ በወፍ! ክብደቱ ሠላሳ ግራም በማይሞላ፣ መዳፍ ውስጥ በሚገባ ወፍ። አትሳቁ። እስቲ መጀመሪያ ጨርሳችሁ አንብቡና ከዚያ በኋላ ትስቃላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ሐበሻ የበዛበት አካባቢ ስለሆነ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ሐሜቱም አይጠፋም። ከስምንት ዓመት የኪራይ ኑሮ በኋላ ቆጥበን ቆጥበን አንድ አሮጌ ቤት ገዛን። «ገዛን» ስል ቅድሚያውን ከፈልን ማለቴ ነው። የቀረው የባንክ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲከፈል ይኖራል።

ቤቱ ከውጭ በሴዳር ጣውላ የተለበጠ ነው። ቀለሙ ቡናማ፣ ከጓሮው ደግሞ ትንሽ ጫካ አለ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው የእንጨት ቤት መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። የኛ ሰው እንጨቱን ያቆምና ጭቃ ይመርግበታል፤ ደህና ገንዘብ ያለው ደግሞ በብሎኬት ይሠራል። እዚህ ግን የደህና ሰው ቤት ሳይቀር አጥንቱ እንጨት ነው፤ እንደኛው ያለው ደግሞ ከላይ የለበሰውም እንጨት ነው።

ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ማታ አንድ ሰዓት ወጥቶ፣ ሊነጋጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ የሱ እንቅልፍ ማለት ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ያለችው ጊዜ ናት። ያቺ እንቅልፍ የቤታችን ምሰሶ ናት ብል አላጋነንኩም። እሷ ከሌለች ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ የባንኩ ዕዳ አይከፈልም፤ አዲስ አበባ ላሉት እናቱም በየወሩ የሚላክ አይኖርም።

ታዲያላችሁ፣ ቤቱ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ፣ ባለቤቴ ገብቶ ጋደም ከማለቱ «ትርርርርርር!» የሚል ድምፅ ከጣራው ጫፍ ተነሣ። መትረየስ ነው የሚመስለው። ያቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ትርርርርርር!» ባለቤቴ ካልጋው ዘሎ በካናቴራ ወጣ። ጣራው ጫፍ፣ የቆርቆሮው አሸንዳ ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነች ሚጢጢ ወፍ ተለጥፋለች። ማጅራቷ ላይ ቀይ ጠብታ አለ፤ ቀዩ ያለው ወንዱ ነው። ግንደ ቆርቁር ነበር። በነሱ ቋንቋ «ዳውኒ ውድፔከር» ይሉታል።

አገራችንም እኮ ግንደ ቆርቁር አለ። እንዲያውም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ የራሳችን ዝርያ አለን። ግን የኛው ዛፉ ላይ ነው የሚውለው። ማን ጭቃና ብሎኬት ይቆረቁራል?

<b>ሲሉ ሰምታ…</b>

በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቴ አጨበጨበ፣ ጮኸ፣ ድስት መታ። ወፉ ይሄድና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ጓደኛው «ጉጉት ግዛ፣ ወፍ ሁሉ ጉጉት ይፈራል» አለውና የፕላስቲክ ጉጉት ገዝቶ ጣራው ላይ አቆመ። ዓይኗ ቢጫ፣ ሲያዩዋት የምታስፈራ። ለሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን ወፉ ከጉጉቷ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ትርርርርርር!» የማትንቀሳቀስ ጉጉት ጉጉት አለመሆኗን ለማወቅ ሦስት ቀን በቂው ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላል ያገሬ ሰው።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሚመስል አብራችሁት ካልኖራችሁ አይገባችሁም። ባለቤቴ ዝምተኛና ጨዋታ አዋቂ ነው። ሚያዝያ ላይ ግን በሻይ ስኳር መብዛት መቆጣት ጀመረ። ግንቦት ላይ «ይሄን ቤት አንቺ ነሽ የወደድሽው፣ ጫካው ደስ ይላል ያልሽው አንቺ ነሽ፣ በይ ወፍሽን አስታግሺ!» አለኝ። እኔም ዝም አልልም። «ወፉን እኔ ነኝ የቀጠርኩት?» አልኩት። እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየን። ከዚያ አንድ ሌሊት መሪ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናዋ የመንገዱን ጠርዝ ስትነካ ነው የነቃው። ተሳፋሪ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ገባና፣ ሳይናገር ትራሱንና ብርድ ልብሱን ይዞ ጓደኛው አፓርትመንት ሄዶ ተኛ።

በሚቀጥለውም ቀን እዚያው። በሚቀጥለውም። ልብሱ በትንሽ በትንሹ ወደዚያ ሄደ።

ከዚያማ ምን ትጠይቁኛላችሁ! ሐበሻ የሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ውስጥ «ተለያዩ» ተባለ። «ሌላ ይዟል» ያለም አለ፤ «እሷ ናት ያስወጣችው» ያለም አለ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ እኛን ቀድሞ አዲስ አበባ ገባ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። አማቴ ናቸው።

«ልጄ፣ ምን ጉድ ነው የምሰማው? ልጄን ከቤት አስወጣሽው አሉ።»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም። ወፍ ነው ያስወጣው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ወፍ?… የምን ወፍ? የሰው ወፍ?»

«ኧረ እውነተኛ ወፍ ነው፣ እማማ። ግንደ ቆርቁር። ግድግዳውን እየቆረቆረ እንቅልፍ ነሣው።»

አማቴ ገጠር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ሳቅ ይጠብቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «ወፍ ያለ ነገር አይለፋም፣ ልጄ» አሉኝ። «ወይ የሚበላ አግኝቷል፣ ወይ ጎጆ ሊቀልስ ነው። ግድግዳሽን እይው» ብለው ዘጉ።

<b>ጠመንጃው</b>

እሳቸው ይሄን ሲሉኝ፣ ልጃቸው ደግሞ በዚያው ሳምንት ሌላ መፍትሔ ይዞ መጣ። ጓደኛው በአየር ግፊት የሚተኩስ ጠመንጃ አውሶት ነበር። ባለቤቴ ልጅ ሳለ በላስቲክ ወንጭፍ ዋነስ ሲያወርድ ነው ያደገው። «አንድ ጥይት፣ ከዚያ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አለኝ።

ወደ ቤቱ እንዲመለስ ከኔ በላይ የሚፈልግ አልነበረም። ግን «ቆይ፣ አንድ ቀን ስጠኝ» አልኩት፤ አገሩ የሕግ አገር ነውና። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው፤ መስኮታቸው ላይ ሁልጊዜ መነጽር አንጠልጥለው ወፍ ያያሉ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ለባልሽ ንገሪው፣ እንዳይነካው» አሉኝ።

ለካስ አሜሪካ በ1916 (እ.ኤ.አ.) ለካናዳ ከተፈረመላት ብሪታንያ ጋር ስለ ወፎች ስምምነት አድርጋ፣ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሕግ አውጥታለች። በዚህ ሕግ ግንደ ቆርቁር ያለ ፈቃድ አይገደልም፤ እንቁላልና ጫጩት ያለበት ጎጆውም አይበተንም። ጥፋተኛ የተባለ እስከ 15,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 6 ወር እስራት ሊደርስበት ይችላል። የባለቤቴ የዜግነት ማመልከቻ ያኔ ገና እየታየ ነበር። እስቲ አስቡት! ያን ሁሉ ዓመት ጠብቆ፣ ፎርሙ ላይ «ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ የወፍ ደም ሊጽፍ!

ይሄን ስነግረው ጠመንጃውን ለባለቤቱ መለሰ። ግን ተናደደ። «ታዲያ ወፉ ዜጋ ነው፣ እኔ ነኝ ስደተኛው በይኛ!» አለ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

<b>ወፉ ምን ፈልጎ ነው?</b>

አሮጊቷ በማግስቱ መነጽራቸውን ይዘው መጡና ቤቱን ዞረው አዩት። ያስረዱኝ ነገር እንዲህ ነው። ግንደ ቆርቁር ቤት የሚመታው በሦስት ምክንያት ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቀዳዳው ይናገራል።

አንደኛው ለፍቅር ነው። ሌላው ወፍ በጉሮሮው ሲዘፍን እሱ በመንቆሩ ነው የሚዘፍነው። በሰኮንድ ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ እየመታ «ይሄ ሰፈር የኔ ነው፣ ሚስትም እፈልጋለሁ» ይላል። ድምፁ ሩቅ እንዲሰማለት ባዶ ግንድ ይመርጣል፤ ቆርቆሮ ካገኘማ ማይክሮፎን አገኘ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ጩኸቱ ብዙ፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ቆርቆሮ አይበሳማ። የሚብሰው በጸደይ ነው፤ ጎጆ ከያዘ በኋላ ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት፦ እሱ ሚስት ሲፈልግ የኔ ባል ከቤት ወጣ!

ሁለተኛው ለሆዱ ነው። ጣውላው ውስጥ ትል ካለ ያገኘዋል። ያኔ ቀዳዳው ትንንሽና ዝብርቅርቅ ይሆናል፣ ወይም ጣውላው በመስመር ይሰነጣጠቃል።

ሦስተኛው ለጎጆ ነው። ክብ፣ የተስተካከለ፣ ወፉን የሚያስገባ ትልቅ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ሊወልድበት ወይም ሊያድርበት ነው።

«ያንቺ ወፍ» አሉኝ አሮጊቷ ወደ ጣራው ክፈፍ እየጠቆሙ፣ «ሁለት ሥራ ነው ያለው። ጸደዩን አሸንዳው ላይ ሲዘፍን ነበር። አሁን ግን እየበላ ነው። ምን እየበላ እንደሆነ እዩ።»

ያን ቅዳሜ ባለቤቴን ደውዬ ጠራሁት። መሰላል ያዝኩለት፣ ወጣ። ከአሸንዳው ሥር ያለውን ጣውላ በጣቱ ሲጫነው ጣቱ ገባ! አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ኖሯል፤ ዝናቡ መውረጃ ሲያጣ በጣውላው ላይ እየፈሰሰ አበስብሶታል። ቀለሙ ከለቀቀበት በኩል ደግሞ ከሥር፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስሉ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ከምናምን ስፋት ያላቸው ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። አሮጊቷ ከታች ሆነው «አናጢ ንብ!» አሉ።

አናጢ ንብ የምትባለው ትልቅ፣ ሆዷ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ንብ ናት። እንጨት አትበላም፤ ትበሳዋለች። ቀጥ ብላ ትገባና ታጠፋለች፣ እንጨቱን ተከትላ ዋሻ ትሠራለች፣ እዚያ እንቁላሏን ትጥላለች። ዕጩ በበጋ ሲወፍር ግንደ ቆርቁሩ ይደርስበታል፤ ጣውላውን ሰንጥቆ አንድ በአንድ ያወጣዋል። እኛ የምንጠላው ወፍ ለካስ ቤታችንን የምትበሳውን እየለቀመልን ነበር። እርግጥ ነው፣ ሲለቅም ከንቧ የበለጠ ያበላሻል። ግን ጠቁሞናል። እሱ ባይጠቁመን ውኃው ከጣውላው አልፎ ወደ ቤቱ አጥንት ይገባ ነበር።

ባለቤቴ መሰላሉ ላይ ቆሞ ያን የበሰበሰ እንጨት በእጁ ሲያፍረከርከው ረዥም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ቁልቁል አየኝና «እናቴ ምን ነበር ያለችሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለና ሳቀ። ከአራት ወር በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው።

<b>ምን አደረግን?</b>

ከዚያ በፊት የመጣ አንድ የቤት ጠጋኝ «ይሄን ጎን በሙሉ አንሥቼ ልለውጠው» ብሎ ስድስት ሺህ ዶላር ጠርቶ ነበር። እኛ ያወጣነው ከሦስት መቶ አልዘለለም፤ ጉልበቱ የራሳችን ነው። ምናልባት ወንድም፣ እህት፣ እጮኛ ባሕር ማዶ ያላችሁ ትኖራላችሁና፣ እነሱም የእንጨት ቤት ገዝተው ከዚህ ወፍ ጋር ከተፋጠጡ እንድትነግሯቸው በዝርዝር ልጻፈው።

1. አሸንዳውን ጠርገን ውኃው በትክክል እንዲወርድ አደረግን። የበሰበሰ እንጨት ትል ይጠራል፣ ትል ወፍ ይጠራል።

2. የበሰበሰውን ጣውላ አውጥተን በአዲስ ተካን፤ ትንንሹን ቀዳዳ ደግሞ ዕጩ አለመኖሩን አይተን በእንጨት ስቱኮ ደፈንን። ቀዳዳ ክፍት ከተተወ ሌላውን ወፍ ይጋብዛል።

3. ቀለም ቀባን። አናጢ ንብ ቀለም የሌለው ባዶ እንጨት ነው የምትወደው።

4. ለሚቀጥለው ጸደይ፣ ወፉ የሚመታውን የአሸንዳ ክፍል ባሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ድምፅ ካልሰጠው አይዘፍንበትም፤ ሄዶ ሌላ ይፈልጋል። ብርድ ልብሱ ባለቤቴ ይዞት ወጥቶ የነበረው ነው!

5. ከክፈፉ ላይ በነፋስ የሚወዛወዝ፣ የሚያብረቀርቅ ሪባን አንጠለጠልን። አሮጌ ሲዲም በክር ሲንጠለጠል ያው ነው።

6. ይሄ ሁሉ እምቢ ካለ መረብ አለ። ቀዳዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የፕላስቲክ መረብ ከክፈፉ እስከ ታች ይወጠራል፤ ወፉ መንቆሩን አሾልኮ እንዳይደርስ ከግድግዳው ከሰባት ሳንቲ ሜትር በላይ ይራቅ። ጠርዙ ክፍት ከሆነ ወፉ ውስጥ ገብቶ ይታሰራልና በደንብ ይያዝ።

ስለ ጉጉቷ ደግሞ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ ግዛት ያለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ተመራማሪዎች ስድስት ዓይነት መከላከያ አወዳድረው ነበር። የፕላስቲክ ጉጉት፣ የጭልፊት ድምፅ፣ የወፍ ምግብ፣ ማደሪያ ሳጥን ሁሉ ተሞክሯል። ከስድስቱ በመጠኑም ቢሆን ደህና ውጤት የሰጠው የሚያብረቀርቀው ሪባን ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ቡናማና እንጨት መሰል ቀለም የተቀቡ ቤቶችም ከነጭና ከፈዛዛ ቀለም ይልቅ እንደሚመቱ ደርሰውበታል። ቀለም የምትመርጡ ሰዎች ይሄን ያዙ።

ሁለት ነገር ግን አታድርጉ። ወፉ እግር ላይ እንዲጣበቅ ተብሎ የሚቀባ ሙጫ አለ፤ ላባው ውስጥ ገብቶ ወፉን ያሰቃያል፣ ግድግዳውንም ያቆሽሻል፤ ይቅርባችሁ። ጎጆ ሆኖ ጫጩት ካለበት ደግሞ ቀዳዳውን አትድፈኑ። ሕጉ እንዳለ ሆኖ፣ ከነነፍሳቸው ግድግዳ ውስጥ መቅበር ነው። ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ወር ገደማ ነው፤ ታገሡና ሲወጡ ድፈኑት።

ወፉ ሄዷል ማለቴ አይደለም። ጓሮው ውስጥ የደረቀ ዛፍ ነበር፤ ወድቆ የሚጎዳው ነገር ስለሌለ አልቆረጥነውም። ግንደ ቆርቁር በተፈጥሮው የሚፈልገው የደረቀ ግንድ ነው፤ ሰው ሰፈሩን ሲያሳምር የደረቀውን ሁሉ ጠርጎ ይጥልና ከዚያ ወፉ ቤቴ መጣ ብሎ ያማርራል። አሁን እዚያ ነው የሚውለው። ድምፁ ከሩቅ ሲሆን እንዲያውም ደስ ይላል።

<b>ለናንተ</b>

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ «እኛ ደግሞ ግንደ ቆርቁር ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ሌሊት ሠራተኛ በየከተማው አለ፤ ዘበኛው፣ ነርሷ፣ ሾፌሩ፣ ሆቴል የሚያድረው። እንዲህ ያለ ሰው ያገባችሁ ወይም ልታገቡ ያሰባችሁ ከኔ አንድ ነገር ስሙ። የቀን እንቅልፍ ቅንጦት አይደለም። የትዳር አጋራችሁ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ሲጀምር፣ «ጠልቶኛል» «ሌላ አለው» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ቁጠሩ። መሪ ላይ የሚወስድ እንቅልፍ ይቅርታ አያውቅም። መጋረጃውን ጥቁር አድርጉ፣ ለጆሮው ጥጥ ስጡት፣ ስልኩን አርቁለት፣ እንግዳውን ከሰዓት በኋላ ቅጠሩ። ልዩ ክፍል መተኛት ቢያስፈልግም ተኙ፤ እዚያው ቤት ውስጥ ግን። ትራስ ከበር ከወጣ ወሬው ይከተለዋል።

የጎረቤት ሐሜት ደግሞ ራሱ ግንደ ቆርቁር ነው፤ ባዶ ነገር ሲያገኝ ነው አብዝቶ የሚጮኸው። ባለቤቴ ከተመለሰ በኋላ «ታረቁ እንዴ?» እያሉ የጠየቁን ብዙ ናቸው። «በወፍ ነበር የተጣላነው» ስንላቸው ማንም አላመነም። አማቴ ብቻ ናቸው ያመኑን። እናንተስ?

ቸር ይግጠመን።